በፎልደር ውስጥ የወጣልኝ ስም

ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ደሜ ፈልቶ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ስቄ አላውቅም።

ጡረታ ልወጣ ነው። የማመልከቻ ወረቀቴ ያን ዕለት ከሰዓት ሊላክ ሲል፣ ወጣት ሆኜ ሚኤሶ ያስተማርኩበት የቅጥር ደብዳቤ የለም ተባልኩ። እሱ ከሌለ እነዚያ ዓመታት እንዳልተሠሩ ይቆጠራሉ። ያን ሁሉ ሙቀት፣ ያን ሁሉ አቧራ፣ ከከባድ መኪና ጡሩንባ ጋር ስፎካከር የሰነጠቅኩትን ጉሮሮ በነፃ! የድሮው ፋይል ሁሉ ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል ሲሉኝ እንደኔው አስተማሪ የነበረውን ባሌን አስከትዬ ጭሮ፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ከተፍ አልኩ።

ሠራተኛው ስሜን በአማርኛ ጻፈ፤ የለም። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ጻፈ፤ የለም። ፊደል ጨመረ፣ ቀነሰ፤ የለም።

"ቲቸር፣ ሚኤሶ ማስተማርዎን እርግጠኛ ነዎት?"

እርግጠኛ ነዎት ወይ! ጣራው እስኪነሳ ጮህኩ። ባሌ ቀስ ብሎ እጅጌዬን ያዘኝ፤ ተወኝ አልኩት።

ፋይሎቹን ስካን ያደረገችው ልጅ ወልዳ ቤቷ ናት፤ ደወለላት። "ድምፁን ክፈተው፣ እኔም ልስማ!" ብዬ አዘዝኩት። ከፈተው። ሕፃን ያለቅሳል። ስሜን ነገራት።

"ውይ፣ በዚያ ስም'ኮ ስንቱ አለ! አንዱ በአንድ ኤል ይጽፈዋል፣ አንዱ በሁለት። ሲምታታብኝ ለጊዜው በየጠባያቸው ስም እያወጣሁ አስቀመጥኳቸው፤ ሳላስተካክል ምጡ ቀደመኝ። ያቺ ጯሂዋ ቲቸር ናት አይደል? 'ሎልቱ' ብለህ ፈልግ።"

ሎልቱ በኦሮምኛ ተዋጊ ማለት ነው። ሠራተኛው ላብ በላብ ሆነ።

"ጀግና... ጀግና ለማለት ነው ቲቸር።"

"ጻፈው!"

ጻፈው። ወዲያው ከች! ደብዳቤዬ ከነማኅተሙ፣ ከነጉርድ ፎቶዬ። አቤት፣ እንዴት ቆንጆ ነበርኩ! አልሀምዱሊላህ ብዬ ጉልበቴን ረስቼ ዘለልኩ።

ስልኩ ግን አልተዘጋም።

"አገኘኸው? ከሥሩ 'ምስኪና' የሚል አለ፣ እሱን እንዳትነካው። የባሏ ነው።"

ባሌ በሳቅ ፈነዳ። በትዳራችን ዘመን ከፈገግታ አልፎ የማያውቅ ሰው ወንበር ላይ ተዘርፍጦ "ምስኪን! ምስኪን!" እያለ እንባውን ይጠርጋል። ወረፋ የያዘው ሁሉ ተከተለው፤ እኔም ጎኔን ይዤ መተንፈስ አቃተኝ።

ሠራተኛው አፍሮ ስሞቹን ሊያስተካክል ማውሱን ሲይዝ ባሌ እጁን ያዘው።

"የእሷን ቀይር ልጄ። የእኔን ግን ተው። ይህን ሁሉ ዘመን የሚረዳኝ አጣሁ ስል፣ ለካ መንግሥት መዝግቦ ይዞልኛል!"