ጸደይ ከመሬት ሲመጣ

የፕሪም ዛፍ ካበበ በኋላ በፕሪም አበባ ቅርጽ የተሠራ ጣፋጭ የሚሸጥ ሰው በጃፓኗ ማትሱኤ ከተማ ውስጥ ቢገኝ፣ ጣፋጭ ሠሪው ጋሽ ገንሳኩ ሰላምታም አይሰጡትም። ጣፋጭ ከወቅቱ ቀድሞ መድረስ አለበት፤ አበባው ዛፉ ላይ ከታየ ወዲያ ሳህን ላይ ማን ዞር ብሎ ያየዋል ባይ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የከተማውን ግንብ ወደሚከበው የውሃ ቦይ እየወረዱ ዳሩ ላይ ያለውን የፕሪም ዛፍ እንቡጦች ሲመረምሩ ኖረዋል። እኔ ከሱቃቸው ጎን ሻይ ቅጠል እሸጣለሁ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ንዝንዛቸውን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም።

ንዝንዙ የሚያርፈው ደግሞ ምራታቸው ቺዙሩ ላይ ነው። ልጃቸው ሊጥ ከእጁ ጋር የማይስማማ ሰው ነውና ባቡር ጣቢያ ተቀጠረ። ከሩቅ ሰሜን ያመጣት ሚስቱ ግን ሥራውን ወደደችው። ለዓመታት ጣፋጩ የሚሠራበትን ቀይ አደንጓሬ ስትቀቅል፣ ስትፈጭ፣ በወንፊት ስታሳልፍ ኖራለች። ቅርጽና ቀለም ግን የእሳቸው ብቻ ነው፤ ማንንም አያስነኩም።

"እናንተ ጋ ሚያዝያም በረዶ ነው" ይሏታል። "ጸደይን በምን ታውቂዋለሽ?"

"በስም እንተዋወቃለን አባባ" ትላለች እየሳቀች።

እኔ ብሆን ወንፊቱን ጭንቅላታቸው ላይ እደፋው ነበር።

ዘንድሮ በብርዱ ወራት ጋሽ ገንሳኩ ቦዩ አጠገብ በረዶ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከተኙበት ሆነው "እኔ ካልተነሳሁ ሱቁ ይዘጋል፤ በቃ!" አሉ። ያን ቀን ቺዙሩ እኔ ጋ መጥታ አለቀሰች። "እጄ የሚያውቀው ሌላ ሥራ የለም" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዛፉን እያየች እንድትነግራቸው ይልኳት ጀመር። ተመልሳ ደጁን ስትከፍት ጥያቄው ይጀመራል። እንቡጡ ምን ያህል ቀልቷል? ጫፉ ነው ወይስ ሥሩ? የቱንም ብትመልስ አይጥማቸውም። "ዓይንሽን በረዶ አጥፍቶታል!" ይሏታል።

አንድ የየካቲት ጠዋት ለበሽተኛው ሻይ ይዤ ገብቼ ተቀምጫለሁ። ቺዙሩ ከውጭ መጣችና ጫማዋን አውልቃ በቀጥታ ወደ ጓዳ አለፈች።

"አንቺ! ምን አየሽ?"

ከጓዳው የወንፊት ድምፅ ብቻ መጣ።

"ደነቆረች እንዴ?" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

"ጩኸትዎ አደንቁሯት ይሆናላ፣ ጋሼ።"

ከብዙ ቆይታ በኋላ ሳህን ይዛ ወጣች። ሳህኑ ላይ ከተፈጨ አደንጓሬ የተድበለበለ ጥቁር ቡናማ ኳስ አለ። ከላዩ በወንፊት ተጭኖ እንደ ክር የወጣ ነጭ አደንጓሬ ለብሷል፤ በአንድ ጎኑ ግን ነጩ ተገፎ ጥቁሩ ይታያል። እዚያ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች።

"ፕሪሙ የታለ?" አሉ ቆጣ ብለው።

"ዛሬ ቀና ብዬ ዛፉን አላየሁትም አባባ። ከሥሩ በረዶው ቀልጦ አፈሩ ታይቷል፤ ቡቃያ ወጥቷል። እኛ ጋ ጸደይን ከዛፍ አንጠብቅም። ከመሬት ነው የሚመጣው።"

ሳህኑን ፊታቸው አስቀመጠች። እሳቸው በትንሿ የእንጨት መቁረጫ ቆርጠው አፋቸው ውስጥ አደረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡት። እኔ በበኩሌ አንድ ክፉ ቃል ቢወጣቸው ሻዩን ልደፋባቸው ቆርጬ ነበር።

"ከፕሪሙ ቀድሟል" አሉ ቀስ ብለው።

ከሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። ቀጥለው ብሩሽና ቀለም እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ፤ ለሽያጭ ሱቁ መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ጣፋጭ ሁሉ ስም ይጻፍለታል። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ቆሙ።

"ያ አገርሽ... ስሙን ማን ነበር ያልሽኝ?"

"አልነገርኩዎትም፤ ጠይቀውኝ አያውቁም።"

ቀና ብለው አዩዋት። ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ሲያፍሩ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"ሩቤናይ ይባላል" አለች።

"ድገሚልኝ ልጄ፤ ስጽፈው እንዳልሳሳት።"