አላሙራ ላይ የቀረው ጉድጓድ

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ከምኖርበት ግቢ አጥር ማዶ፣ ጎረቤቴ በብረት ማማ ላይ ሮቶ አስቀምጧል። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ይነሳና ውሃውን ሽቅብ ይገፋል፤ መብራት ሲጠፋ ያው ውሃ በራሱ ክብደት ወደ ቧንቧው ይወርዳል። ትናንት ከሰዓት በኋላም ፓምፑ ማጓራት ሲጀምር የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ቆምኩ። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ፓምፕ ማዳመጥ ጀመረች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እኔ በወጣትነቴ ይህንኑ ሥራ በትልቁ ሊሠራ የተነሳ ኩባንያ ውስጥ ካርታ እሥል ነበር። ቢሯችን ፒያሳ፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የትኩስ ብስኩት ሽታ በመስኮት እየገባ ሥራ ያስፈታን ነበር። መሥራቹ ኢንጂነር ሰሎሞን ከሰሜን መጥተው ሐዋሳን ወድደው የቀሩ ሰው ነበሩ። ሐሳባቸው፣ ሰው ሲተኛ በሚተርፈው ኃይል የሐይቁን ውሃ አላሙራ ተራራ ላይ ወደሚቆፈር ኩሬ መሳብ ነበር፤ ሲመሽ፣ ሁሉም መብራት ሲያበራ፣ ያንኑ ውሃ ለቅቆ ተርባይን ማዞር። ኩሬውን በሰማያዊ ቀለም ስሞላው ውሃው እዚያ ያለ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ የታሰበ ነገር ሁሉ የተሠራ ያህል ነው።

ለኩሬው የተመረጠው ሜዳ ላይ ግን መቃብር ነበር፤ የቀያሻችን የማቲዎስ አባት መቃብር። እናቱ ወይዘሮ ዱካሌ ከሜዳው ዝቅ ብሎ በእንሰት በተከበበ ቤት ይኖሩ ነበር። ማለዳ ማለዳ ወደ መቃብሩ ወጥተው፣ አጥሩን ጠጋገን አድርገው፣ የቤቱን ወሬ ለባላቸው ነግረው ይመለሱ ነበር። ላሟ መውለዷን እንኳ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነበር።

ለማስፈቀድ የሄድነው በክረምት ነው። የተሳፈርንበት ጋሪ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለቀረ ግማሹን መንገድ በእግራችን ወጣን። ወይዘሮ ዱካሌ ቅቤ የጠገበ የእንሰት ምግብ፣ ቡርሳሜ፣ አቀረቡልን። እኔ ሳላፍር በላሁ፤ ኢንጂነሩ ግን አንድ ሁለቴ ጎርሰው አቆሙ።

«እናቴ፣ እርስዎ እምቢ ካሉ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» አሉ በመጨረሻ።

«ውሃው ከወረደ በኋላ ያልቃል?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ዱካሌ።

«አያልቅም። ተመልሶ ይወጣል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

ወይዘሮ ዱካሌ አብሮን የመጣውን ማቲዎስን በሲዳምኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ አንገቱን ደፍቶ መለሰላቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «ባሌ ቦታውን ለማያልቅ ነገር ቢለቅ አይከፋውም» አሉ። «ውሃው ሲመጣ ግን ጥሩኝ። ማየት እፈልጋለሁ።»

የአገር ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ጉድ የሠራን ጨዋነታችን ነው። ሌላ ኩባንያ ቢሆን መቃብሩን መጨረሻ ላይ ያስታውሰው ነበር። ኢንጂነር ሰሎሞን ግን «ሰው በተኛበት ላይ ቆመን ሥራ አንጀምርም» ብለው፣ ገንዘብ የሚያስገባው አጋር ገና ሳይፈርም፣ አፅሙ በክብር እንዲነሳ አደረጉ። ታች ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በመዝሙር አረፈ። ወይዘሮ ዱካሌ አላለቀሱም። በበጋው ዶዘር ወጥቶ ሜዳውን መቆፈር ጀመረ።

ኩሬው ሳይጋመስ አጋሩ ሐሳቡን ቀየረ። ዶዘሩ ወረደ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ካርታዎቼም ተጠቅልለው ከኢንጂነሩ አልጋ ሥር ገቡ። የኩባንያው ታሪክ ይኸው ነው፤ አንድ አምፖል አላበራም።

በበልጉ ለመሰናበት ወደ ተራራው ስንወጣ፣ ወይዘሮ ዱካሌን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ማቲዎስ እንደነገረኝ፣ አፅሙ ታች ካረፈበት ቀን ወዲህ ወደ አዲሱ መቃብር አልሄዱም፤ «እዚያ አላውቀውም» ይሉ ነበር።

«ውሃው ቀረ?» አሉ።

«ቀረ፣ እናቴ» አሉ ኢንጂነሩ።

«እንግዲያ ባሌን መልሱልኝ።»

ወዴት እንመልሰው? መቃብሩ የነበረበት መሬት ራሱ የለም፤ አፈሩ ተዝቆ ቁልቁል ተደፍቷል። ኢንጂነር ሰሎሞን ጭቃው ላይ ተንበርክከው እንደ ልጅ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ማቲዎስ ግን እናቱን ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳቸው።

ወይዘሮ ዱካሌ እስኪሞቱ ድረስ ወደ ጉድጓዱ መውጣት አልተዉም። ወሬያቸውን የሚነግሩት ለዚያ ለባዶው ነበር። ሲሞቱ ማቲዎስ ታች፣ ከባላቸው አጠገብ ቀበራቸው፤ ልክ ይሁን አይሁን፣ እሱም እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለም። ባለፈው ክረምት ወጥቼ ጉድጓዱን አየሁት፤ የዝናብ ውሃ አቁሮ ከብት ይጠጣበታል።

ትናንት ሮቶው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ አጥሩ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። ውሃ ሽቅብ ይወጣል ማለታችን ውሸት አልነበረም፤ ይኸው በየሰፈሩ እየወጣ ነው። ወይዘሮ ዱካሌ ውሃው ሲመጣ ጥሩኝ ብለውን ነበር። ልጠራቸው አሰብኩና፣ ወደ ታችኛው መቃብር ልዙር ወይስ ወደ ጉድጓዱ፣ ጠፋኝ።