ልጄ ስትከሳ "አማረባት" ተባለ

ወንድሜ ሱሪው ወገቡ ላይ የሰፋው ጊዜ ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። እናቴ አለቀሰች፤ አጎቴ ሥራውን ትቶ ሐኪም ቤት ይዞት ሮጠ። የጨጓራ ካንሰር ነው ተባለ። አልዳነም። ግን ሰው አይቶለት፣ ሰው ደንግጦለት ነው የሞተው።

ልጄ ስትከሳስ? አማረባት።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ሰርጓ ተቃርቧል። ሁለት ጉርሻ ጎርሳ "ጠገብኩ" ማለት ጀመረች። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቀመጣለች። እኔ ወንድሜን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ጎረቤቴ፣ የወሎዋ፣ ደረጃው ላይ ባገኘቻት ቁጥር "ሙሽሪት፣ ይሄ ምን ዓይነት ወገብ ነው? ለእኛም ንገሪን እንጂ" ትላታለች። ልብስ ሰፊው የመልሷን ቀሚስ አጠበበው። ቀሚሱ እንደገና ሰፋትና ስንመልስለት "ደግሞ ቀነስሽ? ጎበዝ" አላት። መታመሟን ነው ጎበዝ የሚላት።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። ሆዷን እንኳን ሳይነካ "አገራችሁ ወዴት ነው፣ እናት?" አለኝ።

"ጉራጌ ነን።"

"በቃ፣ ክትፎው ነዋ" ብሎ ሳቀ።

ልጄ ልደታ ተወልዳ ልደታ ያደገች ናት። ክትፎ የምታየው ለመስቀል ነው፤ ሌላው ቀን ሽሮ ነው።

"ዶክተር፣ ወንድሜ በጨጓራ ካንሰር ነው የሞተው። እባክዎ በመሣሪያ ትታይልኝ" አልኩት።

"እሱ የሚበዛው ወንዶች ላይ ነው፣ ያውም በዕድሜ የገፉት ላይ። እሷ ሙሽራ ናት፣ ጭንቀት ነው" አለና ክኒን ጻፈላት።

ለጎረቤቴ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። "እኔም እኮ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል ብዬው፣ አገርሽ የት ነው አለኝ። ወሎ ስለው በርበሬ ቀንሺ ብሎ ሸኘኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስለ ወገብ አላነሳችም።

እሷን በርበሬ፣ እኛን ክትፎ። አገራችንን ጠይቆ ሆዳችንን ሳያይ ሰደደን። ወንዶች ላይ ይብዛ፤ ማን ላይ ይበዛል ብዬ አልጠየቅኩትም። ይበዛል ማለት ሴት አይነካም ማለት ነው? ብዙ አልተማርኩም፣ ይሄ ግን አይጠፋኝም።

በማግስቱ ልጄን ይዤ ተመለስኩና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"እናት፣ ውጭ ተረኛ አለ" አለኝ።

"ይኑር። ወንድ ልጅ ይዤ መጥቼ፣ ከስቷል፣ አይበላም፣ አጎቱም በዚሁ ሞቷል ብልህ ክትፎ ነው ትለኝ ነበር? ወደ ሆስፒታል ሳትጽፍልኝ አልነሳም።"

እርስዎ ማለቴም ቀርቶ ነበር። ልጄ ቀሚሴን እየጎተተች "እማዬ፣ ተይ" ትለኛለች። አልተውኩም። ቀና ብሎ ሳያየኝ ጻፈ።

ሆስፒታል በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው ጨጓራዋን አዩት። ቁስል አለ። ከቁስሉ ቆንጥረው ወስደዋል፤ ውጤቱ ገና አልመጣም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጬ አነሳለሁ።

ትናንት የደወለው ልብስ ሰፊው ነው፤ መጥታ ትለካ ይላል። ሄጄ ቀሚሱን ተቀበልኩት።

"ምነው፣ አላማረባትም?"

"ታማለች" አልኩት።

ቤት ገብቼ ያጠበበውን ስፌት ሁሉ በምላጭ ተረተርኩት፣ እስከ ድሮ ልኳ ድረስ። እስክትሞላው ተሰቅሎ ይቆይ።