የግዙፉ እግር በሱሉልታ ማሳ ላይ

ዛሬ ሱሉልታ ላይ ከዱላ ለጥቂት ተረፍን።

አንድ የሚያስቅ ምናባዊ ልቦለድ ወደ ፊልም እየቀየርን ነው። ከምዕራፎቹ በአንዱ ግዙፍ ፍጡር የገበሬ ማሳ ረግጦ ያልፋል። ግዙፉ በኋላ በኮምፒውተር ስለሚገባ፣ የእግሩን ልክ አንድ ማሳ ላይ በችካልና በቀይ ሪባን ከለልን።

(አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በሚባለው በዚህ የማስተር ፕላን ሰሞን ማሳ ላይ ችካል! የማን ሐሳብ ነው? የኔ።)

ባለማሳውን አስፈቅደናል፤ ጎረቤቶቹን ግን ማን አስታወሳቸው? ወዲያው ዱላ ይዘው ከበቡን። ኦቦ ዳዲ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ።

«ይሄ የምን ልኬት ነው?»

«የግዙፍ እግር ነው ኦቦ። ፊልም ነው፣ ኮሜዲ።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

ልቦለዱ እንደሚለው መለስኩ፦ «ከአዲስ አበባ።»

ማንም አልሳቀም።

«ከረገጠው በኋላስ ገበሬው የት ይሄዳል?»

ስክሪፕቱን አገላበጥኩ። ገበሬው ከዚያ በኋላ የለም። መጽሐፉም ላይ የለም። ስንቴ ሳነበው ስስቅ ልብ አላልኩም።

ለኦቦ ዳዲ «መልሱን ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ» ብዬ፣ ችካሉን ነቅለን ተመለስን። አሁን ኮሜዲ ልሥራ ምን ልሥራ ግራ ገብቶኛል። እናንተስ፣ ስትስቁበት የኖራችሁት ነገር እንዲህ ዞሮ አፍጥጦባችሁ ያውቃል?

ገበሬው የት እንደሄደ የገመታችሁም ጻፉልኝ። ኦቦ ዳዲ ነገ ጠዋት መልሱን ይጠብቁኛል።