አልሸጥም ያልኩበት ክረምት

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር የልብስ ስፌት ቤት ነበረን። የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምንሰፋው። ነሐሴ ላይ ትዕዛዙ ይጎርፋል፤ ከዚያ በፊት ግን ሥራው ይቀዘቅዝና ከማሽኑ ይልቅ ስልካችን ላይ እናፈጣለን።

አክሲዮን የጀመርነው በዚያ በቀዘቀዘ ሰሞን ነው። ውጭ አገር የሚኖረው የጓደኛዬ ወንድም በስሙ አካውንት ከፈተና በስልክ እንድንገዛና እንድንሸጥ ፈቀደልን። የአሜሪካ ገበያ የሚከፈተው እኛ ጋ አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ በሩን ገርበብ አድርገን፣ ሻይ አስመጥተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ዋጋው ሲወጣ እንደ ኳስ ደጋፊ እንጮሃለን። ጎረቤት ሱቅ ያሉት እናት ብቅ ብለው "ደሞ ማን አገባ?" ይሉን ነበር።

መጀመሪያ አተረፍን። ያጠፋን ያ ትርፍ ነው። ወይም ያጠፋኝ ልበል፤ ጓደኛዬ ትርፉን ዕድል ነው ሲል እኔ ችሎታ ነው እል ነበር።

ያለንን ሁሉ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ላይ አደረግን፤ የጨርቅ ጠርዝ ለሚቋጨው ኦቨርሎክ ማሽን መግዣ ያስቀመጥነው እንኳ አልቀረም። አንድ ቀን ኩባንያው ከተጠበቀው ያነሰ የሽያጭ ውጤት ሲያሳውቅ ዋጋው ቁልቁል ተንሸራተተ።

"እንሽጥ" አለ ጓደኛዬ። "አሁን ብንወጣ ማሽኑን አናጣም።"

"በኪሳራ? ታገስ እንጂ፣ ይመለሳል።"

"ባይመለስስ?"

"አንተ ድሮም ፈሪ ነህ።"

ስልኩን አስቀምጦ ወደ ማሽኑ ዞረ። እኔም ይህን እንደ እሺታ ቆጠርኩት።

ዋጋው ትንሽ ቀና ባለ ቁጥር "አላልኩህም?" እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ከቀድሞው ይብሳል። እንቅልፍ አጣሁ፣ ደንበኛ ላይ መጮህ ጀመርኩ። በመጨረሻ "ሽጠው፣ ሁሉንም ሽጠው!" ያልኩት እኔው ነኝ። ስልኩ እሱ እጅ ላይ ነበር። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና ሸጠ። ብዙም ሳይቆይ ገበያው አገገመ። አክሲዮኑ ወደ ገዛንበት ዋጋ ሲጠጋ ሁለታችንም አየን።

ነሐሴ ሲመጣ በአሮጌዋ ማሽን ትዕዛዙን ማድረስ አቃተን። ዋናው ደንበኛችን የነበረው ትምህርት ቤት ሥራውን ለሌላ ሰጠ። ጓደኛዬም ዘነበወርቅ አካባቢ ሌላ ስፌት ቤት ተቀጠረ። መቀሱንና ሜትሩን ፌስታል ውስጥ እየከተተ፣

"በገንዘቡ አልተቀየምኩም" አለኝ። "እኔን ግን እንደ ሰው አልሰማኸኝም።"

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። "ገበያ እኮ ነው፣ ምን ላድርግ?" አልኩት።

አሁን እዚሁ አገር ጥቂት የባንክ አክሲዮን አለኝ። ከመግዛቴ በፊት ምን ያህል ቢወርድ እንደምሸጥ እወስናለሁ፤ ለሥራ ያሰብኩትን ገንዘብ አልነካም። ሚስቴ "ይቅርብህ" ስትለኝ ደግሞ፣ ቢከብደኝም፣ "ለምን?" ብዬ እስክትጨርስ እሰማለሁ። ይህን ሁሉ ለዚያ ጓደኛዬ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር።

በቀደም ታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ እናቱ ጠየቅኩት።

"ስፌት ቤቱ ብቅ በል እንጂ" አልኩት።

"እሺ፣ እመጣለሁ።"

ተራው ደርሶ ገባ። እስካሁን አልመጣም። ዘነበወርቅም ሩቅ አይደለም፤ እኔም አልሄድኩም።