የሐጂን ሞተር የገደልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለጎረቤት አልተናገርኩም፣ ለእህቴ በስልክ አልተናገርኩም። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት ነክቶ እንኳ ለአላህ በስሙ ጠርቼ አልነገርኩትም፤ «ያ ረቢ፣ ያንን ነገር ማረኝ» እያልኩ ነው የማልፈው። ያንን ነገር! አላህ የማያውቀው ይመስል ስሙን እደብቅበታለሁ። ዛሬ ግን በስሙ ልጥራው። በሐጂ መኪና ሞተር ውስጥ አሸዋ ጨምሬ የገደልኩት እኔ ነኝ። ልጄ አይደለም። ንፋስም አይደለም። እኔ ነኝ።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ኮምቦልቻ ልጅ ሳለሁ ማንበብና መጻፍ እንደያዝኩ አስወጥተው ዳሩኝ። ስለዚህ አጻጻፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። በሥራዬ ግን ፍረዱብኝ፤ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ የመጣሁት ከባለቤቴ ጋር ነው። እሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ከበርበራ ወደብ ሲሚንቶ ያመላልስ ነበር። ልጃችን አንዋር ገና ዳዴ ሲል አባቱ እዚያው የበርበራ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። ሬሳውን ሲያመጡልኝ መሪው ደረቱ ላይ የተወውን ሰንበር አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲፈጥን ስሰማ እጄ የያዘውን ይጥላል። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ስንት ሴት ባሏ መንገድ ላይ ሞቶባታል፤ ሁሉም እኔ የሠራሁትን ሠሩ?

ያኔ ያስጠጉን ሐጂ ናቸው። 26 ጁን ሰፈር ካለው ግቢያቸው አንድ ክፍል ሰጡኝ፤ ቤታቸውን እጠርጋለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ምግባቸውን እሠራለሁ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ሴቶች ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ተሰደው ድሬዳዋ ስለኖሩ አማርኛ አሳምረው ይችላሉ፤ ሲቀልዱና ሲናደዱ ግን የበለጠ ይችሉበታል። «ኡሙ አንዋር፣ ይሄ አማርኛችሁ ለስድብ ታስቦ ነው የተሠራው፤ ለፍቅር ሶማሊኛ ይሻላል» ይሉኝ ነበር። አንዋር «አዎዌ» እያላቸው ነው ያደገው፣ በሶማሊኛ አያቴ ማለት ነው። አባት የሚባል ነገር እሳቸው ላይ ነው ያየው።

ግቢው ጥግ ሸራ የለበሰች መኪና ነበረቻቸው። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚንሸራተት፣ የቤንዚን መኪና፤ የሀብታም ነገር። ጎረምሳ ሳሉ አረብ አገር ሠርተው የገዟት፣ በመርከብ በርበራ ያወረዷት፣ ሙሽራቸውን ያመጡባት ናት። ከተማው በቦምብ ሲፈርስ ግድግዳ ወደቀባት። ከስደት ሲመለሱ ከፍርስራሽ ሥር አወጧት። «ሞተሯ ተኝቷል እንጂ አልሞተም» ነበር የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ቦምብ ያልገደለውን ሞተር እኔ ገደልኩት።

አንዋር አድጎ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ካለው የአብዲ ጋራዥ ገባ። አብዲ አፉ የማያርፍ ሶማሌ ነው፣ ግን ሙያውን ሳይሰስት አስተማረው። ልጄ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ከሐጂ መኪና ሥር ይገባል። ሐጂ ወንበራቸውን አስጠግተው ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር በጆሯቸው ነው የሚያዩት። «ያ ብሎን ጠብቆ አልገባም፣ ሰማሁት» ይሉታል። «አዎዌ፣ እርስዎ ሳይሰሙኝ የምሠራው ነገር የለም?» ይላቸዋል። «አለ፣ ማግባት። እሱን ሳልሰማ እንዳታደርገው!» ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔ ቆሜ እሰማ ነበር። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ሐጂ የሚሹት አንድ ነገር ነበር፤ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ በዚያች መኪና በርበራ ወርደው ባሕሩን ማየት።

አንድ ቀን ሞተሩ ተነሣ። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን ለስላሳ። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው አለቀሱ። አንዋር ዘይት በነካ ፊቱ መጥቶ ሳመኝ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር?

ድምፁ አጥር አልፎ ኖሮ መንገድ ላይ የቆመ የጫት ነጋዴ አንገቱን በበሩ አስገባ። ጫት ከድንበሩ፣ ከወጃሌ ሳይጠወልግ እንዲደርስ እነዚያ መኪኖች እንዴት እንደሚበሩ እዚህ የኖረ ያውቃል፤ ጥሩምባቸው ሲሰማ እናት ልጇን ከመንገድ ትጎትታለች። ሰውየው አንዋርን «ወንድሜ፣ ይሄን ሞተር ይዘህ እዚህ ምን ታደርጋለህ? አንተ ንዳልኝ እንጂ ጫቴ መኪና ላይ እያለ እንደገና ይበቅላል» አለው። ሁሉም ሳቀ። አንዋርም ሳቀ፣ ግን ዓይኑ ሲበራ አየሁት። የአባቱ ዓይን እንዲህ ነበር የሚበራው። በዚያች ሰዓት ልቤ ውስጥ ያ ሞተር እንዲሞት ፈረድኩበት። ልጄን ቁጭ በል ብዬ ማናገር እችል ነበር። ሐጂን «አደራ፣ ከልክሉልኝ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ለምን አላልኩም?

ሥራው የቀረችው ትንሽ ነበረች። አንዋር የሞተሩን የላይ ክዳን እንደገና ሊያስተካክል ፈትቶ፣ ክፍቱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ትቶት ነበር። ጨርቁን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። «እማ፣ ይሄን ጨርቅ አደራ፣ ማንም እንዳያነሳው። አንዲት ጭብጥ አሸዋ ብትገባ አለቀለት» ብሎኛል ራሱ። ልጄ ያስተማረኝን ነው የሠራሁበት። ጁምዓ ቀን ነበር። ወንዶቹ ሁሉ መስጊድ ሄደዋል፣ ኹጥባው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ድስት ከምፈትግበት አሸዋ በእፍኜ ዘገንኩ። ያጠብኩትን ጨርቅ ገለጥኩ። አፈሰስኩ፤ አሸዋው ወደ ውስጥ ሰርጎ ከዓይን ጠፋ። ጨርቁን እንደነበረ አለበስኩት። ኢማሙ ዱዓ እያደረገ ነበር፣ እኔም «አሚን» አልኩ። አሚን ያልኩት ለየትኛው ነው? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሰላት ሲመለሱ አንዋር ክዳኑን ገጠመ። ሐጂ አዲስ ሽርጥ ታጥቀው፣ ሽቶ ተቀብተው ከጎኑ ተቀመጡ። ለሙከራ ከተማው መሐል ካለው ድልድይ ደርሰው ሊመለሱ ነው። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ሞተሩ መፋጨት ጀመረ፣ ከዚያ ነከሰ፤ ብረት ብረትን ይዞ አልላቀቅም አለ። የመንገድ ሰው እየገፋ መለሳት። ሐጂ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጡ ነበሩ፣ ወደፊት እያዩ።

አብዲ መጥቶ ፈታው። ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ አሻሸውና ለአንዋር አሳየው። «ሞተር ነው የሠራኸው ወይስ ቤት ልትገነባ ነው? ሲሚንቶውን ረሳኸው!» አንዋር እጆቹን ገልብጦ አየ፣ መልሶ አየ። ሐጂ ግን ወደ እኔ ዞሩ፤ «ኡሙ አንዋር፣ ሰው ገብቶ ነበር? የሰፈር ልጆች ነክተውት ይሆን?» አሉኝ። አያችሁ፣ ለልጄ መውጫ በር ነው የከፈቱለት። እኔ ያንን በር በመሐላ ዘጋሁት። «ወላሂ ሐጂ፣ ከአንዋር እጅ በቀር የነካው የለም» አልኩ። ወላሂ! ልጄ ፊት፣ በአላህ ስም፣ ልጄ ላይ። ፈርቼ ነበር፤ ከግቢው ያስወጡናል፣ የሰው አገር ነው፣ የት እገባለሁ ብዬ። ግን ሐጂ ያስወጡኝ ነበር? እሳቸውን እያወቅኩ? አንዋርን ትከሻውን ይዘው «ንፋስ ነው ልጄ፣ የዚህ አገር ንፋስ አሸዋ ይዞ ነው የሚዞረው» አሉት። እሳቸው ንፋሱን ከሰሱ፣ እናቱ ልጇን።

አብዲ ከዚያ በኋላ «ለዚህ ሞተር መለዋወጫ በዚህ ዓለም የለም፤ ከተጋጨ ፒክአፕ የወጣ የናፍጣ ሞተር አለኝ፣ እሱን እንትከልበት» አለ። ሐጂ አመነቱ። የገፋፋኋቸው እኔ ነኝ። «ሐጂ፣ ናፍጣ ጠንካራ ነው፣ በርበራም ያደርስዎታል» አልኩ። ሆዴ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው፤ ናፍጣ ከባድ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ከእንግዲህ ማንም ለጫት አይመኘውም፣ ልጄ ይተርፍልኛል። እነዚያ የሚበሩት የጫት ፒክአፖች ራሳቸው የናፍጣ እንደሆኑ እንኳ አላውቅም ነበር። በማላውቀው ነገር ነው የሰው ዕድሜ ያበላሸሁት።

የድሮውን ሞተር በሰንሰለት አንጠልጥለው አወጡት። አዲሱ አልገባ ሲል የሚይዘውን ብረት ቆረጡ፣ በየዱ። ኮፈኑ አልዘጋ አለ፤ ሞተሩ ቁመቱ ረዥም ነው። ኮፈኑንም ቀደዱት። አንዋር ሥራውን ሁሉ ሠራ፣ ግን አያፏጭም፣ አይቀልድም፤ እያንዳንዱን ብሎን አጥብቆ «አብዲ፣ እየው እስቲ» ይላል። በራሱ እጅ ማመን ትቷል። ሲያስነሱት ግቢው ተንቀጠቀጠ፣ ጭሱ ልብሴ ላይ ጠቆረ። ሐጂ በዳበሳ መጡ። እጃቸው ኮፈኑ ላይ ሲሄድ ሲሄድ ከቀዳዳው ጠርዝ ደረሰና ቆመ።

«አንዋር፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሞተሩ ነው አዎዌ፣ ትንሽ ከፍ አለብን።»

«ወፍጮ ቤት ነው» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ሙሽራዬን በወፍጮ አላመጣሁም» አሉ።

አልተሳፈሩባትም። አንዋር በየጊዜው «አዎዌ፣ በርበራ እንውረድ» ሲላቸው «ኢንሻአላህ፣ ሲሻለኝ» ይሉታል። አልተሻላቸውም። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ፣ ቀጥሎ ራሳቸው ሄዱ፣ አላህ ይዘንላቸው። ሲታመሙ ውኃ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ብቻችንን ነበርን፣ አፌ እዚያው ነበር፣ ጆሯቸውም እዚያው ነበር። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አላልኩም። እንዲያውም እሳቸው ናቸው እጄን ይዘው «ኡሙ አንዋር፣ ያስቸገርኩሽን አፉ በይኝ» ያሉት። እኔም አፉ አልኳቸው! እኔ!

በጋራዡ ልጄን «አንዋር አሸዋ» ማለት ጀምረው ነበር። ደንበኛ ይመጣና «በአሸዋ እንዳታስነካብኝ» ብሎ ይስቃል። ሐጂ እንደተቀበሩ ዕቃውን ለአብዲ መልሶ ወጣ። እና የት ሄደ? ወደዚያው ወደ ጫቱ። የወጃሌን መንገድ አሁን የሚበርበት ልጄ ነው። እጁ የማይረባ መሆኑን ስላመነ ነዳጅ የሚረግጥ እግሩን ሸጠ። ቀን ቀን ያ ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ጫት መጣ ይላል፤ እኔ ግን ዛሬም አልሞተም እላለሁ።

አንድ ኡስታዝን የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠይቄ ነበር። «የሰው ሐቅ ነው፤ አላህ ዘንድ ከመሄዷ በፊት ባለሐቁን አፉ ታስብለው» አለኝ። ከሁለቱ ባለሐቆች አንዱ አፈር ውስጥ ናቸው። ሌላው እቤቴ ምሳ ይበላል።

በዚህ ሳምንት አብዲ እቤት መጣ። ሸምግሏል፣ ወገቡን ያመዋል፣ ጋራዡን ለአንዋር ሊያስረክብ ነው የመጣው። «ያኔ ሳቅንብህ፣ በቃ። ያንተን እጅ የሚያህል አላየሁም፤ ከዚያ መንገድ ውጣና ና» አለው። አንዋር ሳቅ አለ። «አብዲ፣ የአዎዌን ሞተር የበላ እጅ ነው። ካላመንክ እናቴን ጠይቃት፣ ከእኔ በቀር የነካው እንደሌለ ምላለች።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አብዲ «ሆዮ፣ አንቺ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማል» አለኝ። ሆዮ፣ ለአክብሮት እናቴ ማለቱ ነው።

ሁሉ ነገር አፌ ላይ መጣ። አንዲት ቃል ብናገር ልጄ ከዚያ መንገድ ይወርድ ነበር፤ እጁን መልሶ ያገኝ ነበር። እኔን ግን ያጣኝ ነበር፣ ወይም እኔ አጣው ነበር። ያኔ ለነፍሱ ፈርቼ ነው ያደረግኩት ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ለነፍሱ የምፈራ ብሆን በዚያች ሰዓት እናገር ነበር። ለራሴ ነው የምፈራው፤ ድሮም ለራሴ ነበር።

«ተወው አብዲ» አልኩ። «ልጁ ካልፈለገ ምን ላድርግ?»

አብዲ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። አንዋርም የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወደ ወጃሌ ወጣ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

ከእናንተ አፉታ አልጠይቅም። እናንተን አልበደልኩም። የበደልኩት ልጅ ስሙ አንዋር ነው፤ ይህን ሁሉ ለእናንተ ስጽፍ ለእሱ አንዲት ቃል አልነገርኩትም።