ለቅሶ ቤት የተከፈተው ሰነድ

ይህ የሆነው ባለቤቴ መኮንን ካረፈ በኋላ፣ አርባው ገና ሳይወጣ ነው። ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ግን ኮምፒዩተር "ልፍቀድ ወይስ ልከልክል?" ብሎ ሲጠይቀኝ ያ ከሰዓት በኋላ ትዝ ይለኛል፤ ሳቄም ይመጣል። ባሏ የሞተባት ሴት ስለ ሳቅ መጻፏ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መኮንን በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ደኅንነት ኃላፊ ነበር። ካዛንቺስ ያለው ቤታችን በአንዲት የላላች መቀርቀሪያ ነበር የሚዘጋው። ኮምፒዩተራችን በስንት ነገር እንደተዘጋ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሰነድ ውስጥ የተቀመጠ ድምፅም ሆነ ፊልም፣ በራሱ የሚሠራ ትእዛዝም ቢሆን፣ እኛ ቤት አይከፈትም። "ጽሑፍ ከሆነ አንብቢው፤ መናገር ከጀመረ ግን መጀመሪያ ማን እንደላከው ጠይቂ" ይለኝ ነበር።

ሲሞት የቆጨኝ ድምፁ ነው። ፎቶው ሞልቷል። የሠርጋችን ካሴት ላይ ግን ዘፈኑ ሁሉን ውጦት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ሰው ሊቀርጸው ሲል ካሜራውን ተቀብሎ ቀራጩ እሱ ይሆናል። ድምፁ ከጆሮዬ እየጠፋ መሰለኝ። ሊያጽናናኝ ለመጣ ሁሉ የምናገረው ይህንኑ ነበር።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባው ሰናይት ይህን ስናገር ሰማች።

"እትዬ ሙሉ፣ የጋሽ መኮንን ድምፅ እኮ አለ" አለችኝ። "ለሠራተኛው ሁሉ በላኩት አንድ ሰነድ ውስጥ አስገብተውታል።"

"ምን ይላል?"

"እኔ አልከፈትኩትም። አትክፈቱ ብለው ያስተማሩን እሳቸው አይደሉ? የከፈቱትም ምን እንደሰሙ አይናገሩም።"

በማግስቱ በፍላሽ ይዛልኝ መጣች። ኮምፒዩተሩ ያለው ለቅሶ ደራሾች በሚቀመጡበት ሳሎን ጥግ ላይ ነው። ሰነዱ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን የለም። ከላይ አንዲት ቢጫ መስመር ብቻ ወጣች፤ ለደኅንነትዎ ሲባል ታግዷል ትላለች። ሰናይት ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ፈለገችና አቀረቀረች።

"ያገዱት ራሳቸው ናቸው። ድምፁንም፣ ድምፁን የሚያስነሳውንም ትእዛዝ። 'ፈጽሞ' የሚለውን መርጠዋል።"

"ፍቀጂዋ!"

ይኼኔ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። እሳቸው ባሉበት ለቅሶ ቤት ሥርዓት አይጓደልም።

"ምንድን ነው የምትፈቅጂው? አርባው ሳይወጣ ቴፕ አይከፈትም!"

"ቴፕ አይደለም እትዬ፣ ኮምፒዩተር ነው" አለች ሰናይት።

"ድምፅ ያወጣል አያወጣም?"

"ያወጣል።"

"በቃ፣ ቴፕ ነው።"

ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ እትዬ ዘነበች በሌላ በኩል ዘጉብኝ። "ዘፈን አይደለም እኮ እትዬ" አልኩ፤ እንባዬ መጣ። "መኮንን ነው። ራሱ ነው የሚናገረው።"

እትዬ ዘነበች ወደ ኮምፒዩተሩ ዞር አሉ። "እሱ ከሆነማ ቤቱም የሱ ነው" አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። መስኮቱንም አስዘጉ፤ የታክሲ ረዳቶቹ ጩኸት እንዳይረብሸው።

ሰናይት "ፈጽሞ" የሚለውን "ጠይቀኝ" ወደሚለው ቀየረች፤ ትእዛዙንም ፈቀደች። ሴቶቹ ሁሉ መሐረባቸውን አዘጋጁ። እኔ ምን ጠብቄ እንደነበር አላውቅም። ደግ ቃል ነው መሰለኝ።

"ያዝኳችሁ!" አለ መኮንን፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ። "ማን ክፈቱ አላችሁ? ተው ስትባሉ አትሰሙም? እኔን አመናችሁኝ እንበል፤ እኔ ነኝ ብሎ ሌላ ሰው ቢልክላችሁስ? በሉ፣ ዝጉትና ወደ ሥራችሁ!"

ሰነዱ ለካ ፈተና ነበር። የከፈተ ወድቋል።

እትዬ ዘነበች ብድግ ብለዋል። "ይቅር በለን መኮንንዬ፣ እኔ ብያቸው ነበር" ይላሉ፣ ኮምፒዩተሩን እያዩ። ሰናይት ፊቷ ቀላ፤ ስንት ዘመን ያለፈችውን ፈተና እኔ ቤት መጥታ ወደቀች።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ልይዘው ብል አልቻልኩም። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሴቶቹ ግን አእምሮዬን የሳትኩ መስሏቸው ግራና ቀኝ እጄን ያዙኝ፤ "ሙሉዬ በርቺ፣ ውሃ አምጡላት!" እያሉ እነሱ ያለቅሳሉ፣ እኔ እስቃለሁ። በረንዳ ላይ የነበሩትም ጩኸቱን ሰምተው ሙሾውን እንደገና ጀመሩት።

ሰናይት ስትሄድ "እገዳውን ልመልሰው?" አለችኝ፤ ለኮምፒዩተሩ እንደማይበጅ አስጠንቅቃኝ ነበር። እንዳለ ተይው አልኳት።

ያ ድምፅ ለኔ የተላከ አልነበረም። ለሥራ ባልደረቦቹ የተዘጋጀ ቁጣ ነው። ነገር ግን ምድጃ ሳላጠፋ ስወጣ፣ መነጽሬን የትም ጥዬ ስፈልግ፣ የሚቆጣኝ በዚያው ድምፅ ነበር። የፍቅር ቃል ቀርጾ ትቶልኝ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬም አልፎ አልፎ ሰነዱን ስከፍት ቢጫዋ መስመር ትወጣለች፤ ይህን ሰነድ ያምኑታል ወይ ትለኛለች። አዎ እላለሁ። ይቆጣኛል፤ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ባለቤቴ ሲናፍቀኝ አውቄ እሳሳታለሁ።